ማስጠንቀቂያው ማንን ከሰሰ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶችና ምእመናን፣ የዛሬው ጉዳያችን ከወትሮው ትምህርት ራቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገሩ ስለ ኮምፒውተር ነው፤ ይልቁንም በአንድ ግቢ ውስጥ የተገናኙ ኮምፒውተሮች አልፎ አልፎ በማያ ገጻቸው ጥግ ስለሚያወጡት አጭር መልእክት ነው። መልእክቱ ሌላ ኮምፒውተር ይህንኑ የአይፒ አድራሻ እየተጠቀመ እንደ ሆነ ያስታውቃል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በዚህ ዓመት በመካከላችን የአንድን ወንድማችንን ስም እስከ ማጉደፍ ስለ ደረሰች፣ ምን እንደምትልና ምን እንደማትል በጽሑፍ ማኖሩን ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ወንድማችንም ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦ እንዲወጣ ፈቅዷል።

ውጫሌ በሚገኘው ሰንበት ትምህርት ቤታችን ጽሕፈት ቤት ሦስት ኮምፒውተሮችና አንድ ፕሪንተር አሉ። በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ የሕፃናቱ ስም ዝርዝር፣ የአባላት ወርኃዊ መዋጮና የጉዞ ሒሳብ ይመዘገባል። ከጥር ወር ጀምሮ በዚሁ ኮምፒውተር ላይ ማስጠንቀቂያው ይወጣ ጀመር። ኢንተርኔቱ ይመጣል፣ ይጠፋል፤ ለእሑድ ጉባኤ የታዘዘ የመዝሙር ጽሑፍ ከፕሪንተሩ ሳይወጣ ይቀራል። ብዙ ጊዜም ማስጠንቀቂያው «እሺ» ተብሎ ይዘጋና ሥራው ይቀጥላል።

ነገሩን ያከፋችው «ሌላ» የምትለው ቃል ናት። ሌላ ካለ ማን ነው? ከመዋጮው መዝገብ ምን ፈልጎ ነው? እንዲህ እየተባለ ሲወራ፣ ከእኛ መካከል ስለ ኮምፒውተር ጥቂት የሚያውቅ አንድ ወጣት ነበርና ጣት ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ። ስልክ ይጠግናል፣ ፕሮግራም ይጭናል፤ በአንዳንዶች ዘንድ ይህ ብቻ ለማስረጃ በቃ። ማንም ፊት ለፊት አልከሰሰውም፤ ነገር ግን የጽሕፈት ቤቱ ቁልፍ ከእርሱ እጅ እንዲወጣ ተደረገ። እርሱም ምክንያቱን ከሌላ ሰው አፍ ሰማና ከመዝሙር ጥናት ቀረ። ዐቢይ ጾም እየገባ ነበር።

በኋላ በተደረገው ስብሰባ ልጁ ለጊዜው ከአገልግሎት ይታገድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። መምህራችን ስለ ኮምፒውተር ምንም እንደማያውቁ ተናግረው መጽሐፈ ኢያሱን ገለጡ። በምዕራፍ 22 እንደምናነበው ሮቤል፣ ጋድና የምናሴ ነገድ እኩሌታ በዮርዳኖስ አጠገብ ትልቅ መሠዊያ ሠሩ። የቀሩት እስራኤል ይህን ሲሰሙ ሁለተኛ የመሥዋዕት ስፍራ ቆመ፣ ወገኖቻችን እግዚአብሔርን ካዱ ብለው ለጦርነት በሴሎ ተሰበሰቡ። የሚያስቈጣ ነገር አልነበረም ማለት አይቻልም፤ መሠዊያው በዓይን ይታያል። ነገር ግን ሰይፍ ከመምዘዛቸው በፊት ካህኑን ፊንሐስን ከ10 አለቆች ጋር ላኩ። ተላኪዎቹ ጠየቁ፤ መሠዊያው ለመሥዋዕት ሳይሆን፣ ዮርዳኖስ የለያቸው ልጆች ነገ ከእግዚአብሔር ዕድል ፈንታ እንዳይቈረጡ ለምስክርነት የቆመ መሆኑን ሰሙ። ጦርነቱም ቀረ። መምህራችን ይህን ከተረኩ በኋላ፣ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ እንኳ ስለ ሰዶም ጩኸት ወርዶ እንደሚያይ ለአብርሃም መናገሩን (ዘፍ. 18፥21) አስታወሱንና «እስኪ መጀመሪያ ወርዳችሁ እዩ» አሉን። የኮምፒውተር ትምህርት ተማሪ ስለ ሆንሁ ማየቱ ለእኔ ተሰጠ።

ያየነውን ከመናገሬ በፊት አድራሻ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ። በአገራችን ደብዳቤ የሚደርሰን በቤት ቁጥር ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። የአይፒ አድራሻም እንዲሁ ያለ የሣጥን ቁጥር ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 በሆኑ አራት ቁጥሮች ይጻፋል፤ ለምሳሌ 192.168.1.100። በ192.168 የሚጀምሩት ለውስጥ መገልገያ ብቻ የተተዉ በመሆናቸው፣ ሐይቅ ያለ ሱቅና ደሴ ያለ መኖሪያ ቤት አንድ ዐይነት ቁጥር ቢይዙ አይጋጩም። ግጭት የሚነሣው በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቁጥር ሲይዙ ነው። ለሁለት ሰዎች የአንድ ሣጥን ቁልፍ እንደ መስጠት ነው፤ ደብዳቤው ቀድሞ ለደረሰ ይሆናል።

ከዚህ ቁጥር ሌላ እያንዳንዱ መሣሪያ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ አለው፤ ማክ አድራሻ ይባላል። ሁለቱን የሚያስተሳስረው ኤአርፒ የተባለ ሥርዓት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የተጻፈ ነው። አሠራሩ በግቢ መካከል ቆሞ እንደ መጣራት ነው። አንዱ ኮምፒውተር «192.168.1.100 የማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል፤ ባለቤቱም «የእኔ ነው፣ አሻራዬም ይህ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለት መሣሪያዎች ቢመልሱ ጠያቂው ብዙውን ጊዜ የሚይዘው በመጨረሻ የሰማውን ነው። ኢንተርኔቱ የሚመጣውና የሚጠፋው ስለዚህ ነው። ደኅና የተሠራ ኮምፒውተር ደግሞ አድራሻ ሲሰጠው ወዲያው አይጠቀምበትም፤ «ይህን ቁጥር የያዘ አለ ወይ?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቃል። ከያዘም በኋላ ሌላው በዚያው ቁጥር ሲናገር ከሰማ ያስታውቃል። እኛ በድንጋጤ ያነበብነው ማስጠንቀቂያ የሚወለደው ከዚህ ጥያቄና ማዳመጥ ነው። ስለ ስርቆት የሚናገረው አንዳች የለም። አንድ ቁጥር በሁለት እጅ መገኘቱን ብቻ ይናገራል፤ እንዴት እንደ ደረሰ አያውቅም።

ታዲያ አንድ ቁጥር በሁለት እጅ እንዴት ይገባል? በአብዛኛው ቁጥር የሚያድለው ራውተሩ ነው። አንድ መሣሪያ ሲመጣ ራውተሩ ከመዝገቡ ያልተያዘ ቁጥር መርጦ ለተወሰነ ጊዜ በውሰት ይሰጠዋል፤ ይህ የዕደላ ሥርዓት ዲኤችሲፒ ይባላል። አዳዩ አንድ፣ መዝገቡም አንድ እስከ ሆነ ድረስ ግጭት እምብዛም አይነሣም። የሚነሣው አንድ ሰው ከመዝገቡ ውጭ ለመሣሪያው በእጁ ቁጥር ሲጽፍለት፣ አዳዩም ያንኑ ቁጥር ሳያውቅ ለሌላ ሲሰጥ ነው። መብራት በሚጠፋበት አካባቢም ሌላ መንገድ አለ። አንዳንድ ርካሽ ራውተሮች የዕደላውን መዝገብ በጊዜያዊ ማኅደር ብቻ ስለሚይዙ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማን ምን እንደ ያዘ ይረሳሉ። ኮምፒውተሩና ማገናኛው በመጠባበቂያ ባትሪ ላይ ከነበሩ ግን መጥፋቱን አላወቁም፤ ኮምፒውተሩ የድሮ ቁጥሩን እንደ ያዘ ነው፤ ራውተሩም ያንኑ ለአዲስ መጪ ይሰጣል። ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት በየአጥቢያውና በየትንንሹ ቢሮ ከሁሉ የሚበዛው፣ በአንድ መስመር ላይ ሁለት አዳዮች ሲገኙ ነው።

የእኛን ለማወቅ ሦስት ነገሮችን ተመለከትን። ዊንዶውስ ያጋጠመውን ሁሉ «ኢቬንት ቪውወር» በተባለ መዝገብ ይጽፋል፤ በዚያም «ሲስተም» በሚለው ክፍል የአድራሻ ግጭት በቁጥር 4199 ተመዝግቦ ይገኛል። ደግነቱ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን የተጋጨውን መሣሪያ አሻራ ጭምር ይጽፋል። ማያ ገጹ ላይ የሚወጣው መልእክት ይህን አይናገርምና፣ «እሺ» ብሎ የዘጋ ሰው ዋናውን ነገር ሳያይ ያልፋል። ሰባት ግጭቶች ተመዝግበው አገኘን። ሰባቱም ከቀትር በኋላ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ የሆኑ ናቸው። አሻራዎቹ አምስት ዐይነት ነበሩ። አንድ ሰው ሆን ብሎ በአንድ መሣሪያ ያደረገው ቢሆን አንድ አሻራ በተደጋገመ ነበር። ከሰባቱ ሁለቱ በተመዘገቡበት እሑድ ደግሞ የተጠረጠረው ወንድማችን ለፈተና ደሴ ሄዶ ነበር። ይህን የምታውቅ እኅት በስብሰባው ላይ ነበረች፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ከአሻራ የመጀመሪያው እኩሌታ መሣሪያውን የሠራውን ፋብሪካ ስለሚያመለክት፣ እርሱን ፈልገን ነበር፤ አልጠቀመንም። የዛሬ ስልኮች፣ አንድሮይድ ከ10ኛው፣ አይፎንም ከ14ኛው ሥርዓት ጀምሮ፣ ባለቤታቸው እንዳይከታተሉት ብለው ለዋይፋይ የተፈጠረ አሻራ ያቀርባሉ። ይህም ራሱ ፍንጭ ሆነ፤ የተጋጩት የስልክ ዋይፋዮች ሳይሆኑ አይቀሩም። ነገር ግን ጽሕፈት ቤቱ ዋይፋይ አልነበረውም፤ የጽሕፈት ቤቱ ራውተር ዋይፋይ ከተዘጋ ቆይቷል።

ሁለተኛው ምርመራ ቀላል ነበር። የተጣላውን ኮምፒውተር ገመድ ነቀልንና ከሌላው ኮምፒውተር የእርሱን ቁጥር ጠራን። ባለቤቱ ተነቅሎ ሳለ በቁጥሩ የሚመልስ ካለ ሁለተኛ ባለቤት አለ ማለት ነው። በዓርብ ማንም አልመለሰም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወጣቶች በአዳራሹ ሳሉ፣ መለሰ። ከዚያ በሦስተኛ ደረጃ የኤአርፒውን ዝርዝር አወጣንና የመውጫውን በር፣ የ192.168.1.1ን አሻራ ጻፍን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደ ገና ስናወጣ አሻራው ተለውጧል። በአንድ ቁጥር የሚጠሩ ሁለት በሮች ነበሩን። ግሼን ደብረ ከርቤን በመስከረም 21 የተሳለማችሁ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባችኋል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ በር ሲገባና ሲወጣ ሁሉም መንገዱን ያውቃል። ከገደሉ ወገን «በሩ በዚህ ነው» የሚል ሰሌዳ ቢቆም ምን ሊሆን ነው?

አዳራሹ ውስጥ ገብተን ቀና ብለን ስናይ፣ ከድምፅ ማጉያው በላይ አንዲት ነጭ ራውተር ተሰቅላለች። በጥር ወር አንድ በጎ አድራጊ፣ ጉባኤው በስልክ ለሩቅ ላሉ እንዲተላለፍ ብለው የሰጡን ናት። የሰቀላት ሰው የጽሕፈት ቤቱን ገመድ ወደ ውጭ መስመር መቀበያዋ ሳይሆን ከጎን ካሉት ተራ ቀዳዳዎች በአንዱ ሰክቶታል። ስለዚህ ራሷን የቻለች የውስጥ ኔትወርክ መሆኗ ቀርቶ በእኛው መስመር ላይ ሁለተኛ አዳይ ሆነች። ሁለቱም ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ በር 192.168.1.1፣ ዕደላቸውም ከ100 ጀምሮ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከአንደኛው 100ን ተቀበለ፤ በአዳራሹ መጀመሪያ የገባ ስልክም ከሁለተኛዋ 100ን ተቀበለ። ከነጯ ራውተር ሥር የተለጠፈው አሻራ ከጻፍናቸው አንዱ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሌባ አልነበረም። ክፉ ሐሳብ ያሰበም አልነበረም፤ የሰጡት ለጽድቅ ሰጡ፣ የሰቀለውም ለአገልግሎት ሰቀለ። ሁለቱም አዳዮች ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል፤ አንዱ ስለ ሌላው አላወቀም እንጂ።

ይህን የምጽፈው ከውጫሌ መሆኑ ሌላ ነገር ያሳስበኛል። በዚህ በአምባሰል ምድር፣ በይስማ ንጉሥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ የተፈራረሙትን ውል ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም እንደሚቻላቸው፣ በኢጣልያንኛው ግን ለመጠቀም እንደ ተስማሙ ይናገራል። ብዙዎቻችን የምንረሳው አንቀጽ 19ን ነው፤ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙ ስለ ሆኑ እኩል የታመኑ ናቸው ይላል። ሁለት አዳይ፣ አንድ ቁጥር፣ እኩል ሥልጣን። ምኒልክ ስለ ዘውድ በዓላቸው ለአውሮፓ ነገሥታት ሲጽፉ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ጉዳዩ በኢጣልያ በኩል መምጣት እንደሚገባው አስታወቀ። ማስጠንቀቂያው ይህ ነበር፤ የኢትዮጵያን በር ሌላ መንግሥት በስሙ ይዞታል። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ የተደረገው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስመረመሩና በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ የማይስማሙ መሆናቸውን በደብዳቤ ገለጡ። ውሉ የተሻረው ከዚያ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ነው። ዐድዋ የመጣው ይህ ሁሉ መልስ ካጣ በኋላ ነው። በትርጕሙ ላይ ሆን ተብሎ ተንኮል ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ግጭቱ መኖሩ ግን አላከራከረም፤ ጽሑፎቹ ተነጻጽረው ነበርና።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ጥገናው ከአንድ ሰዓት አልበለጠም። የነጯን ራውተር ቁጥር ወደ 192.168.1.2 ለወጥንና ዕደላዋን ዘጋን፤ አሁን ዋይፋይ ብቻ ታስተላልፋለች፤ ቁጥር የሚሰጠው የጽሕፈት ቤቱ ራውተር ብቻ ነው። የእርሱንም ዕደላ ከ100 እስከ 200 ወሰንን። ፕሪንተሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መገኘት ስላለበት ከዕደላው ውጭ 192.168.1.10 ተሰጠው። የሁሉም ቁጥር፣ አሻራና የተቀመጡበት ስፍራ በአንድ ደብተር ተጻፈ፤ ደብተሩም ከንብረት መዝገቡ ጋር ይቀመጣል። በየቤታችሁ ወይም በየመሥሪያ ቤታችሁ ሁለተኛ ራውተር የምትሰቅሉ ከሆነ ይህችን አንዲት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አዳዩ ማን ነው? ኮምፒውተራችሁ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ቢያሳያችሁ ግን ያ ሌላ ሕመም ነው፤ የጠየቀውን አዳይ አላገኘምና ለራሱ ቁጥር ሰጥቷል፤ ገመዱን ወይም ራውተሩን ተመልከቱ።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። የበሩን ቁጥር ሆን ብሎ እየያዘ የሰውን መልእክት የሚጠልፍ አለ፤ አሠራሩም ይህንኑ የኤአርፒ መጣራት ይጠቀማል። ባለ አንድ አሻራ መሣሪያ፣ ሁለተኛ ራውተር ሳይኖር፣ ደጋግሞ የበሩን ቁጥር ሲይዝ ካገኛችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፤ የይለፍ ቃሎቻችሁንም ከሌላ መስመር ቀይሩ። ያን ጊዜም ቢሆን አሻራው የሚያመለክተው መሣሪያን ነው፤ መሣሪያው በማን እጅ እንደ ነበረ ለማወቅ ሌላ መጠየቅ ይቀራል።

የተገኘው ነገር ሁሉ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጉባኤው ፊት ተነበበ፤ ወንድማችን የጠየቀው ይህን ብቻ ነበርና። ስሙ በሹክሹክታ በተነሣበት ስፍራ ንጽሕናው በድምፅ ይነገር አለ። ከዚያም መምህራችንና ሁለት ሽማግሌዎች እቤቱ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። እርሱም ተቀበለ፤ በሆሣዕና ሰሞን ከመዝሙር ክፍሉ ጋር ቆመ። የጽሕፈት ቤቱን ቁልፍ ግን መልሰን ስንሰጠው ለጊዜው ከእኛ ጋር ይቆይ ብሎ አልወሰደውም።

ራውተሩን ካስተካከልን በኋላ ኮምፒውተሮቹ የድሮውን በር አሻራ ለጥቂት ደቂቃ ይዘውት ነበር፤ ልማዳቸው ነው፣ ከዚያ ይረሳሉ። የወንድማችን እናት ግን በዚያ ሰሞን በጽዋ ማኅበራቸው የሰሙትን አልረሱም። ከማኅበሩ ቀርተዋል፤ እስከ አሁንም አልተመለሱም። የሚቀጥለው ወር ጽዋ የሚጠጣው በጎረቤታቸው ቤት ስለ ሆነ፣ ከእርሱ በፊት ባለው ቅዳሜ መምህራችንን ይዘን ሄደን ልንለምናቸው ተነጋግረናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።